ለቤተሰብ የሚሆን ያገለገለ ሚኒቫን አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎችና መልሶች የተዘጋጁት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን፣ ወላጆቻቸውንና እንግዶቻቸውን በአንድ መኪና ለማጓጓዝ ያገለገለ ሚኒቫን ለመግዛት ላሰቡ ቤተሰቦች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ “የ2015 ሞዴል” ሲባልም ፋብሪካው ለመኪናው የሰጠው የሞዴል ዓመት ማለት ነው።

ባለ ሦስት ረድፍ ኤስዩቪ እያለ ሚኒቫን ለምን ይመረጣል?

የሚኒቫን ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይም አባት ያለ ብዙ ችግር ይገባሉ። በሩ ወደ ጎን የሚንሸራተት በመሆኑም ጠባብ ማቆሚያ ውስጥ ልጆች በሩን በረገድ አድርገው የሰው መኪና አይመቱም። ከሁሉ በላይ ግን ከሦስተኛው ረድፍ በስተጀርባ ያለው ጥልቅ የዕቃ ቦታ ነው ጥቅሙ። ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደው ሁለት ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የያዙ እንግዶችን የተቀበሉ ሁሉ ይህን ያውቁታል፤ በብዙ ኤስዩቪዎች ሦስተኛው ረድፍ ሰው ከተቀመጠበት ለሻንጣ የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው።

ቶዮታ ሲዬና ይሻላል ወይስ ሆንዳ ኦዲሲ?

በእኔ እምነት የጥገና ደረሰኙ የተሟላ ኦዲሲ፣ ደረሰኝ ከሌለው ሲዬና ይበልጣል። በማኅበረሰባችን ውስጥ “ሲዬና ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ” የሚለው ምክር በሰፊው ይሰማል፤ ሲዬና ጥሩ ስም ያተረፈው ያለ ምክንያት ባይሆንም፣ ይህ ምክር ብዙ ሰው ለስም ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ እንዲከፍል አድርጓል። ሁለቱም በአግባቡ ከተያዙ ከ200 ሺህ ማይል በላይ ይሄዳሉ። ገዢው ማወቅ ያለበት እያንዳንዳቸው በምን በኩል እንደሚታመሙ ነው።

የሲዬና ቪ6 ሞተር ከ2007 ሞዴል ጀምሮ የሚሠራው በካቴና ስለሆነ፣ በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች አቀናጅቶ የሚያሠራ የጎማ ቀበቶ) የለውም። ከ2004 እስከ 2006 ያሉት ባለ 3.3 ሊትር ሞተሮች ግን ቺንጊያ አላቸው። የኦዲሲ ቪ6 ሞተር ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜዎቹ ሞዴሎች ድረስ የሚሠራው በቺንጊያ ሲሆን፣ ወደ 100 ሺህ ማይል ሲጠጋ ወይም መኪናው ጥቂት ቢነዳም እንኳ ከ7 ዓመት ገደማ በኋላ ቺንጊያው መቀየር ይኖርበታል። በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ስለሚጋጩ ሞተሩ ከባድ ጉዳት ይደርስበታል። ስለዚህ 110 ሺህ ማይል የሄደ ኦዲሲ ሲቀርብልዎ የመጀመሪያ ጥያቄዎ “ቺንጊያው መቼ ተቀየረ?” የሚል ይሁን፤ ሻጩ “ተቀይሯል” ቢልዎና ደረሰኝ ማሳየት ካልቻለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው፣ ቺንጊያውን ከውሃ ፓምፑና ከመወጠሪያው ጋር ለማስቀየር የሚያስፈልገውን ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀንስ ይጠይቁ።

በኦዲሲ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል መኪናው በዝግታና በቀላሉ ሲሄድ ከስድስቱ ሲሊንደሮች ከፊሉን የሚያሳርፈው ሥርዓት ነው፤ በተለይ ከ2008 እስከ 2013 ባሉት ሞዴሎች ላይ ዘይት የመብላትና ካንዴላ የማቆሸሽ ችግር ታይቷል። ሁለተኛው ካምቢዮው ነው። ከ1999 እስከ 2004 የነበሩት ኦዲሲዎች በካምቢዮ ብልሽት ይታወቃሉ። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡትም በከፊል በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ለቤተሰብ መኪና ብሎ እነዚህን መግዛት አልመክርም።

ሌሎቹስ? ዶጅ ካራቫን፣ ክራይስለር ፓሲፊካ፣ ኪያ ካርኒቫል?

ምርቱ በ2020 የቆመው ዶጅ ግራንድ ካራቫን በዋጋው ረከስ ይላል፤ የሁለተኛው ረድፍ ወንበር ወደ ወለሉ ታጥፎ መግባቱም ዕቃ ለሚጭን ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ወንበሩ ለመታጠፍ ሲባል ቀጭን በመሆኑ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ትልቅ ሰው አይመችም። የ2017 እና የ2018 ፓሲፊካ ሃይብሪድ በእሳት አደጋ ሥጋት ምክንያት በ2022 ሪኮል (ጉድለት ያለባቸው መኪናዎች እንዲጠገኑ ኩባንያው የሚያወጣው ጥሪ) የተደረገበት ስለሆነ፣ ጥገናው መደረጉ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ በስተቀር አይግዙት። ካርኒቫል በዚህ ስሙ አሜሪካ የገባው ከ2022 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሴዶና ይባላል።

ስንት ማይል ሲሆን ነው “ብዙ ሄዷል” የሚባለው?

የማይሉ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም። ከሪችመንድ ዋሽንግተን በአውራ ጎዳና እየተመላለሰ 140 ሺህ ማይል የሄደና ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረ መኪና፣ ከተማ ውስጥ በአጭር በአጭሩ እየተነዳ 80 ሺህ ከሄደ መኪና የተሻለ ሞተርና ፍሬን ሊኖረው ይችላል። ሚኒቫን ደግሞ ለኡበርና ለአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ በጣም ተፈላጊ በመሆኑ፣ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ደንበኛ ሲጠብቅ የዋለበት ሰዓት በማይል ቆጣሪው ላይ አይታይም። በዚህ ሥራ መተዳደር የተከበረ ነገር ነው፤ ነገር ግን ገዢው ማወቅ ስላለበት ሻጩን በግልጽ ይጠይቁት።

ቁጥሩ ከመኪናው ጋር የማይሄድ ከመሰለዎ የፔዳሎቹን ጎማ፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝና የመሪውን ቆዳ ይመልከቱ። 60 ሺህ ማይል ብቻ ሄደ የተባለ መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ አንድ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። በፌዴራል ሕግ መሠረት የ2011 እና ከዚያ ወዲህ ያሉ ሞዴሎች ሲሸጡ የማይል ቆጣሪው ቁጥር ለ20 ዓመት ያህል በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ሻጩ “መኪናው አሮጌ ስለሆነ አያስፈልግም” ቢልዎ እንዳይቀበሉት።

ተንሸራታቹን በር እንዴት ነው የምፈትሸው?

ሚኒቫንን ከሌላ መኪና የሚለየው፣ ሲበላሽም ብዙ የሚያስወጣው ይህ በር ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ሁለቱንም በሮች በውጭው እጀታ፣ በውስጡ እጀታ፣ በቁልፉና በሾፌሩ በኩል ባለው መጫኛ ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ። በአንዱ ሠርቶ በሌላው እምቢ የሚል በር የተለመደ ነው። በሩ እየተንሸራተተ የመንቀጥቀጥ ወይም የመፋጨት ድምፅ ካሰማ፣ ወይም መሀል ላይ ቆሞ ከተመለሰ፣ የሚጎትተው ገመድ መሰለል የጀመረ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በተለይ በ2004 እና 2010 መካከል ባሉ ሲዬናዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው በሩን በእጅዎ ይግፉት፤ ሳይከብድና ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። መኪናውን ዳገት ላይ አቁመውም ይሞክሩት።

የተጠቀለለ ፎጣ በሩ መንገድ ላይ ይዘው ሲዘጋ ወደ ኋላ መመለሱን ያረጋግጡ፤ ይህ የልጅ ጣት ጉዳይ ስለሆነ “ምንም አይልም” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የልጆች መቆለፊያውም መሥራቱን ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ይሞክሩ። በታችኛው ሐዲድ ውስጥ የሚገኘው ሳንቲምና የደረቀ ከረሜላ በቀላሉ ይጸዳል፤ ዝገት ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። በብዙ ሞዴሎች የነዳጅ መሙያው ክዳን ክፍት ከሆነ በዚያ በኩል ያለው በር ሙሉ በሙሉ እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ይህን እንደ ብልሽት አይቁጠሩት።

በ2016 መጨረሻ ላይ ቶዮታ ከ2011 እስከ 2016 ያሉ ወደ 744 ሺህ የሚጠጉ ሲዬናዎችን በአሜሪካ የጠራው በዚሁ በር ምክንያት ነበር፤ የኤሌክትሪክ ፊውዙ በተወሰነ ሁኔታ ከተቃጠለ በሩ በጉዞ ላይ ሊከፈት የሚችልበት አጋጣሚ በመኖሩ ነው።

ሦስት ልጆች አሉን። ካር ሲቶቹ ይገቡ እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?

የራስዎን ካር ሲቶች ይዘው ይሂዱና ሻጩ ፊት ያስሯቸው። ብዙ ሰው ይህን ለማድረግ ያፍራል፤ ሆኖም በወረቀት ላይ ባለ ስምንት ወንበር የተባለ መኪና ሦስት ካር ሲት ጎን ለጎን ላይቀበል፣ ወይም ቢቀበል ሦስተኛውን ረድፍ ዘግቶ ትልቁ ልጅ መግቢያ ሊያጣ ይችላል። ካር ሲቱ ከታሰረ በኋላ ሁለተኛውን ረድፍ ወደፊት ስበው ትልቁ ልጅ ወደ ኋላ ሲያልፍ ይመልከቱት። ከፊት ለፊት ያለው ወንበር ደግሞ ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን ካር ሲት ሳይነካ ለአንድ ረጅም ሰው በቂ እግር ማስቀመጫ ሊኖረው ይገባል።

ከመስከረም 2002 ወዲህ የተመረቱ የቤት መኪናዎች ላች የሚባለው የካር ሲት ማሰሪያ ብረት ሊኖራቸው ይገባል፤ በየትኞቹ ወንበሮች ላይ እንዳለ ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የልጁና የካር ሲቱ ክብደት ተደምሮ ከ65 ፓውንድ ካለፈ ከታችኛው ብረት ይልቅ በመኪናው ቀበቶ ማሰር እንደሚገባም ይታወስ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሕግ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በመሠረቱ ወደ ኋላ የሚያይ ካር ሲት ላይ መቀመጥ ያለበት በመሆኑ፣ ይህ ቦታ የሚወስደው አሠራር ከመኪናው ስፋት ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ከ2011 እስከ 2017 ያሉ ኦዲሲዎች በሁለተኛው ረድፍ ወንበር መቆለፊያ ምክንያት በ2017 ሪኮል የተደረገባቸው ስለሆኑ፣ ወንበሩን አውጥተው መልሰው ሲያስገቡት በትክክል መቆለፉን በጉልበት ጎትተው ያረጋግጡ።

የ2021 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ሲዬና ሁለተኛ ረድፍ ወንበር ባለቤቱ እንዲያወጣው ታስቦ አልተሠራም። ካሁን ቀደም ወንበር እያወጡ ሶፋና ፍሪጅ ይጭኑ የነበሩ ቤተሰቦች ይህን ሳያውቁ ገዝተው ቅር ተሰኝተዋል።

ስምንት ወንበር አለው ማለት ስምንት ትልልቅ ሰዎች ይጭናል ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተሳፋሪና ዕቃ ተደምሮ ማለፍ የሌለበት ክብደት ተጽፏል። እያንዳንዳቸው 170 ፓውንድ የሚመዝኑ ስምንት ሰዎች ብቻቸውን 1,360 ፓውንድ ስለሚሆኑ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ቤት ሰው ሞልተው በዚያ ላይ ሻንጣ ሲጭኑ ገደቡን ማለፍ ቀላል ነው። በተለይ የኋላ ጎማዎቹና አሞርቲዛተሮቹ ያረጁ ከሆኑ አደጋው የከፋ ይሆናል።

ሪኮል መኖሩን እንዴት አውቃለሁ?

በመስታወቱ ሥር ከሾፌሩ በኩል የሚታየውን 17 ፊደልና ቁጥር የያዘ የቪን ቁጥር በፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው በነፃ ማየት ይችላሉ። ጥገናው በአብዛኛው ያለ ክፍያ የሚደረገው በኩባንያው ዲለር ነው። ከ2011 እስከ 2014 ያሉ ሲዬናዎች ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ኤርባጎች ምክንያት በተደረገው ሪኮል ውስጥ ስለሚገኙ በተለይ ይህን አይዝለሉት። ዲለሮች ያልተጠገነ ሪኮል ያለበትን ያገለገለ መኪና እንዳይሸጡ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ስለሌለ፣ “ከዲለር ስለገዛሁ ተጣርቷል” ብሎ መተማመን ልክ አይሆንም።

በጎርፍ የተጎዳ መኪና በምን ይለያል?

እንደ 2017ቱ ሃርቪ፣ እንደ 2022ቱ ኢያን እና እንደ 2024ቱ ሄሊን ካሉ አውሎ ነፋሶች በኋላ ውሃ የገባባቸው መኪናዎች ታጥበውና ሽቶ ተነፍቶባቸው ወደ ሌሎች ግዛቶች ይወሰዳሉ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ “ሳልቬጅ” (ከባድ ጉዳት የደረሰበት) ወይም “ፍለድ” (ጎርፍ የገባበት) የሚል ምልክት መኖሩን፣ መኪናው በአጭር ጊዜ ውስጥ ከግዛት ግዛት መመዝገቡን ከታሪክ ሪፖርቱ ይመልከቱ። ሚኒቫን ግን ከሌሎች መኪናዎች ይልቅ ራሱን ያጋልጣል፤ ሦስተኛው ረድፍ የሚታጠፍበትን ጉድጓድ ምንጣፍ ገልጠው በእጅዎ ጥግ ጥጉን ቢዳስሱ፣ አጣቢው ያልደረሰበት ደቃቅ ጭቃና የዛገ ቡሎን ሊያገኙ ይችላሉ። የወንበሮቹን ሐዲድ በባትሪ መብራት ይዩ፤ ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ስበው የታችኛው ጫፍ የውሃ መስመር እንዳለበት ይመርምሩ።

ሻጩ “ኢንስፔክሽን አልፏል” ካለኝ መካኒክ ለምን ያስፈልገኛል?

በሜሪላንድ ያገለገለ መኪና በስምዎ ለማዞር የደኅንነት ምርመራ ወረቀት ያስፈልጋል፤ በቨርጂኒያም ምርመራው በየዓመቱ ይደረጋል። በዲሲ ግን ለግል መኪና የሚደረገው የጭስ ምርመራ ብቻ ነው። የትኛውም ቢሆን ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና መሪ በዚያ ቀን ደኅና መሆናቸውን እንጂ ካምቢዮው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አይነግርዎትም። ስለዚህ ሻጩ የማያውቀው፣ እርስዎ ራስዎ የመረጡት መካኒክ መኪናውን አንሥቶ ከሥሩ ይየው። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢማርክ ትተውት ይሂዱ።

መካኒኩን አራት ነገር እንዲያይልዎ በስም ይጠይቁት። ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲነሣ አስቀድመው ከሻጩ ጋር ይነጋገሩ፤ ብርድ ላይ የሚሰማ መንቃቃት ሲሞቅ ይጠፋል። ለኋላ ተሳፋሪዎች ቀዝቃዛ አየር የሚወስዱት ረጃጅም ቧንቧዎች በመኪናው ሥር ስለሚያልፉ፣ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ያዝጋቸዋል፤ ከፊት ያለው አየር ማቀዝቀዣ እየሠራ የኋላው ሞቃት ከሆነ ጥገናው ውድ ሊሆን ይችላል። ስኮርታውን የያዘው ገመድ ዝገት እንዳለበትም ይታይ፤ ቶዮታ በ2010 ከ1998 እስከ 2010 ያሉ ሲዬናዎችን፣ ዲሲን ጨምሮ ጨው በሚበተንባቸው ቀዝቃዛ አካባቢዎች የጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። እስከ 2020 ድረስ ያለው በአራቱም ጎማ የሚነዳው ሲዬና ግን ስኮርታ የለውም፤ ቢፈነዳም ለጥቂት ርቀት መሄድ የሚችል ውድ ጎማ ስለሚጠቀም የአራቱን ዋጋ ቀድመው ይጠይቁ። በመጨረሻ የካምቢዮው ዘይት ቀለምና ሽታ ይታይ፤ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ መኪናውን አይግዙ።

የ2021ን ሃይብሪድ ሲዬና ባትሪ መፍራት አለብኝ?

ከ2021 ጀምሮ ሲዬና የሚመረተው በሃይብሪድ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቪ6 በአማካይ በጋሎን 22 ማይል ገደማ ሲሄድ ይህኛው ወደ 36 ይጠጋል፤ በየቀኑ ልጅ ለሚያመላልስ ቤተሰብ ልዩነቱ በወር ሒሳብ ላይ በግልጽ የሚታይ ነው። የባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል፣ ቀድሞ የደረሰው ሲሆን፣ ለቀጣዩ ባለቤትም ያልፋል። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከውስጥ በሚሳብ አየር በመሆኑ፣ ከፊት ወንበሮች ሥር ያለው ማስገቢያ በአቧራና በፍርፋሪ አለመደፈኑን ይመልከቱ።

ከዲለር ወይስ ከግለሰብ?

ዲለር በመስታወቱ ላይ “ባየርስ ጋይድ” የሚባለውን ወረቀት የመለጠፍ ግዴታ አለበት። በወረቀቱ ላይ “አዝ ኢዝ” የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት፣ ሻጩ በአፉ የቱንም ያህል ቃል ቢገባልዎ መኪናው ከወጣ በኋላ የሚደርሰው ብልሽት የእርስዎ ነው፤ ቃል የተገባልዎት ነገር እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍልዎ። ግለሰብ ዋጋው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ታሪኩንም ከባለቤቱ አፍ ይሰማሉ። ነገር ግን ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይስጡ።

ጥቂት ዓመት ነድቼ ወደ ኢትዮጵያ ልላከው ብዬ ባስብስ?

በዚህ ሐሳብ አይግዙ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ሃይብሪዱ ሲዬናም ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር ያለው ነው።

በግዢው ዕለት ምን ልያዝ?

የኢንሹራንስ ዋጋውን በቪን ቁጥሩ ቀድመው ይጠይቁ፤ ሁለት ሞዴሎች በዋጋ ቢቀራረቡም በወር ክፍያ ሊራራቁ ይችላሉ። ገንዘቡን ከግለሰብ ሻጭ ጋር ከሆነ በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ቢረካከቡ ይመረጣል፤ የባንክ ቼኩም እዚያው ሲሠራ ያያሉ። ሻጩ በታይትሉ ላይ የማይሉን ቁጥር ጽፎ መፈረሙን፣ በታይትሉ ላይ የቆየ የባንክ ዕዳ ካለ መለቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ መኖሩን ይመልከቱ። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ታርጋው ከሻጩ ጋር ስለሚቀር፣ መኪናውን ወደ ቤት የሚወስዱበትን ጊዜያዊ ታርጋ ቀደም ብለው ያዘጋጁ፤ ሁለተኛውን ቁልፍም ሳይቀበሉ አይለዩ፤ አዲስ የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ማስቀረጽ ብዙ ያስወጣል።